ውርጭ የሚተኛበት ቦታ

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ሰዉ የጓሮውን ጥራጊ ሰብስቦ እሳት ሲለኩስበት፣ በመንዝ ደጋ ጭሱ ሽቅብ ለመሄድ አይቸኩልም። ጥቂት ከፍ ይልና ይሰበራል። ከዚያ እንደ ውሃ መውረጃውን እየፈለገ በአጥሩ ሥር፣ በእርከኑ ጫፍ፣ ከቤቶቹ በታች ወዳለው ሜዳ ይንሸራተታል። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ እዚያው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ጭሱ የተኛበት ቦታ ሌሊቱን ብርዱ የተኛበት ቦታ ነው። ባቄላው እዚያ ከተዘራ አመዳይ ለብሶ ያድርና ረፋዱ ላይ ጠቁሮ ይገኛል፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው የጎረቤት ማሳ ግን ምንም ሳይሆን ይነጋለታል።

የመንዝ ገበሬ ይህን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገውም። ውርጭ የሚመታውን ማሳ ከማይመታው ለይቶ፣ የሚዘራውንም በዚያው ልክ እየመደበ ኖሯል። ነገሩ አዲስ ክብደት ያገኘው አፕል ከመጣ ወዲህ ነው። የተመታ ገብስ ያሳዝናል እንጂ በልግ ሲመጣ ሌላ ይዘራል። ዛፍ ግን አንዴ ከተተከለ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ እዚያው ነው፤ ያለቦታው የቆመ ዛፍ በየዓመቱ ያብባል፣ በየዓመቱም አበባው በብርድ ያልቃል። በግብርና ስለ አየር ፎቶና ስለ ካርታ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ስለሚለይ ሳተላይትና ዛፍ ስለሚቆጥር ድሮን ነው። እኔ ግን በሰሜን ሸዋ ደጋ ከላይ የተነሳ ምስል ትልቁን ሥራ የሚሠራው ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ነው ባይ ነኝ።

አፕል በአገራችን ስሙ የተያያዘው ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ጋር ነው። ሚስዮናውያን ያስገቡት ዛፍ እዚያ የብዙ ቤት ገቢ ሆኗል። ወደ ሰሜን ሸዋም ዘልቆ በደብረ ብርሃን ዙሪያና በመንዝ በየጓሮው መታየት ጀምሯል። በብዛት የሚተከሉት አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ዝርያዎች ናቸው። አና ከእስራኤል፣ ዶርሴት ጎልደን ከባሃማስ የተገኙ ናቸው። አፕል በባሕርዩ ብርድ ይፈልጋል፤ እምቡጡ እኩል እንዲፈነዳ ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ሰዓታትን ማጠራቀም አለበት። ብዙዎቹ የአውሮፓ ዝርያዎች ሺህ ሰዓት ገደማ ሲጠይቁ እነዚህ ሁለቱ በጥቂት መቶ ሰዓታት ይረካሉ። ለዚህ ነው ለሐሩር አገር ደጋ የተመረጡት።

ብርድ መንዝ ላይ ሞልቷል። ችግሩ የሚመጣበት ጊዜና የሚያርፍበት ቦታ ነው። በእኛ ደጋ ክረምትና በጋ የሚለያዩት በዝናብ እንጂ በሙቀት እምብዛም ስላልሆነ ዛፉ ቅጠሉን በራሱ ጊዜ አያራግፍም። ባለቤቱ በእጁ ያራግፍለታል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያብበው። ስለዚህ አበባ የሚወጣበትን ወር ሰው በተወሰነ ደረጃ ሊመርጥ ይችላል። ያበበ አፕል ደግሞ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አበባው መሞት ይጀምራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጥርት ያለ ሌሊት ይህን ያህል ብርድ በመንዝ ሜዳ ላይ ብርቅ አይደለም። ወሩን በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ቦታውን ግን ከተከሉ በኋላ ማንም አይቀይረውም።

ታዲያ ካርታ ብርድን እንዴት ያሳያል? ብርድ ራሱ አይታይበትም፤ መንገዱ ግን ይታያል። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ቁልቁል ይፈስሳል። የከፍታ መስመሮች በተቀራረቡበት ተዳፋት ላይ አየሩ አይቆምም፤ መስመሮቹ በተራራቁበት፣ በተለይም ዙሪያው ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ግን ይከማቻል። ስለዚህ ለአፕል የሚፈለገው ከሸንተረሩ ጫፍ ዝቅ ያለ፣ ከሜዳው ወለል ደግሞ ከፍ ያለ የተዳፋት ወገብ ነው። በዚያ ላይ አቅጣጫ ይጨመርበታል። መንዝ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ገደማ በሰሜን ስለሆነች፣ ውርጭ በሚበረታበት በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት የበለጠ ይሞቃል። ወደ ምሥራቅ የዞረው ደግሞ የንጋቱን ፀሐይ ቶሎ ያገኛል፤ ይህ መልካም ይመስላል እንጂ በውርጭ የረጋ አበባ በድንገት ሲቀልጥ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። ከተዳፋቱ ጋር ተጋድሞ የተሠራ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ወይም የድንጋይ ካብም ብርዱን ከላዩ ይገድበዋል። ከካቡ ሥር ያለው ዛፍ ይድናል፣ ከካቡ በላይ ያለው ይመታል። ካቡ ላይ የአንድ ክንድ መተላለፊያ መክፈት አንዳንዴ ከመድኃኒት ሁሉ ይሻላል።

እዚህ ላይ የአገሩን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። መንዝን ካርታ ላይ ለሚፈልግ ሰው ድንበሯን ውሃና ገደል ያሳዩታል፤ በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ፣ በምሥራቅ ወደ ይፋት የሚወርደው ገደል። በውስጧ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር። ከምሥራቁ አፋፍ የወረደ ጠብታ ወደ አዋሽ ሄዶ ከአፋር አያልፍም፤ በምዕራብ የወረደው በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ በመርሐቤቴ ጀማ ሸለቆ ወለል ላይ ከ1500 ሜትር በታች ላብ ያጠምቀዋል። በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚለያይ፣ በሁለቱ መካከል የ9 ዲግሪ ልዩነት አለ። ከታች ማንጎና ፓፓያ፣ ከላይ አፕልና ፕሪም፤ መካከሉ ዓለም ከተማ በቆመችበት አምባ ዓይነት ከፍታ ለአቮካዶ ይመቻል። ይህን ሁሉ የከፍታ መስመር ያለው አንድ ወረቀት ላይ ማንበብ ይቻላል። የችግኝ ዕደላ ግን ብዙ ጊዜ በወረዳ ኮታ ነው የሚሄደው፤ የአንድ ወረዳ ቀበሌዎች በከፍታ በሺህ ሜትር እንደሚለያዩ ኮታው አያውቅም።

ይህን አገር ከላይ መመልከት የተጀመረው ግን ለአትክልት ተብሎ አልነበረም። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ድረስ የኢትዮጵያን ምድር ከአውሮፕላን አንስተዋል። ከዚያ ሥራ የተረፉ 8281 ጠንካራ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ተገኝተዋል። በእያንዳንዱ ላይ አራት ፎቶዎች ተለጥፈዋል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሁለቱ ትንሽ ዘንበል ብለው፣ አራተኛው አድማስ እስኪታይ ድረስ አዘንብሎ የተነሳ። ቤልጂጋዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ እነዚህ ሰሌዳዎች ጽፈዋል። ያን ጊዜ ለወረራ የተነሳው ፎቶ ዛሬ ስንት ዛፍ እንደነበረና ቦረቦሩ የት እንደጀመረ ይመሰክራል። በዚያው ዘመን በሰሜን ሸዋ ደጋ አርበኛው ከአየር የሚሸሸገው በዋሻ ነበር። ዘረት በተባለው ስፍራ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ጣሊያኖች ዋሻ ውስጥ በነበሩ ሰዎች ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቅመዋል። ከላይ የሚነሳ ፎቶ ገደሉን ያሳያል እንጂ በገደሉ ውስጥ ያለውን አያሳይም፤ ስለ አየር ፎቶ ሲወራ ይህም አይዘነጋ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የኢትዮ-አሜሪካ የካርታ ሥራ ተልዕኮ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1971 ቆይቷል። የአየር ፎቶ ጥበቡ መደራረቡ ላይ ነው። አውሮፕላኑ እየበረረ እያንዳንዱን ፎቶ ከቀደመው ጋር 60 በመቶ ያህል አደራርቦ ያነሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በመስተዋት መሣሪያ ሲመለከቷቸው አንዱ ዓይን አንዱን፣ ሌላው ዓይን ሌላውን ያያል፤ ጠፍጣፋው ወረቀት ይነሳል፣ ተራራው ወደ ፊት ይመጣል፣ ሸለቆው ይሰምጣል። መጀመሪያ የሚያይ ሰው ጣቱን ወደ ገደሉ ሊሰድ ይቃጣዋል። የከፍታ መስመሮቹ የተሳሉት በዚህ መንገድ ነው። የ1:50,000 ካርታ ዛሬም ድረስ ለአካባቢ ጥናት መነሻ ነው፤ ለአንድ ጓሮ ግን አይበቃም። በእርሱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። ሩብ ሄክታር፣ ማለትም አንድ ጥማድ ያህል መሬት፣ የእርሳስ ነጥብ ታክላለች። በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል 20 ሜትር ስላለ፣ ስምንት ሜትር የጠለቀች ውርጭ የምታከማች ጎድጓዳ ቦታ ካርታው ላይ ጨርሶ ላትኖር ትችላለች። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ በራዳር የለካችው የዓለም ከፍታ ለማንም ሰው በነፃ ይገኛል፤ እርሱም ቢሆን መሬቱን የሚከፍለው በ30 ሜትር ካሬዎች ነው። ትልቁን የብርድ ወንዝ ያሳያል። ከካቡ በላይ ያለችውን ትንሿን የብርድ ኩሬ ግን የኅዳሩ ጭስ ነው የሚያሳየው።

በሰሜን ሸዋ ገበሬና በአየር ፎቶ መካከል ትውውቅ የተፈጠረው በሌላ በኩል ነው፤ በይዞታ ደብተር። በአማራ ክልል የመጀመሪያው ዙር ደብተር መሰጠት ሲጀምር፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም.፣ መሬቱ በገመድና በግምት ተለክቶ የአዋሳኞቹ ስም በአራቱ አቅጣጫ ይጻፍ ነበር እንጂ ካርታ አልነበረውም። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ኦርቶፎቶ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ከእነዚህ ሥራዎች ትልቁ በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2021 የተካሄደው ነው። ተራ የአየር ፎቶ ያዛባል፤ ለካሜራው የቀረበው ሸንተረር ሰፍቶ፣ የራቀው ሸለቆ ጠብቦ ይወጣል። እንደ መርሐቤቴ ባለ ገደላማ አገር ይህ መዛባት ቀላል አይደለም። ኦርቶፎቶ የመሬቱን ከፍታ በመጠቀም ይህን ያስተካከለ ፎቶ ስለሆነ በማስመሪያ ሊለካበት ይችላል።

ወረቀቱ ሣር ላይ ተዘርግቶ ጠርዙ ድንጋይ ሲጫንበት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቤተ ክርስቲያኑን ነው። ጥዱና ወይራው ክብ ሠርቶ፣ በመካከሉ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲያበራ ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ መንገዱ ይያዛል፣ ከመንገዱ ወንዙ፣ ከወንዙ የራስ ቤት። ቤቱን ያገኘ ሰው ከዚያ በኋላ አስተማሪ አያስፈልገውም፤ የወሰኑን ድንጋይ፣ የባሕር ዛፉን ረድፍ፣ የከብት መሄጃውን በጣቱ እየተከተለ ይናገራል። ሴቶች ደግሞ ወደ ምንጭ የምትወርደውን ቀጭን መንገድ ከወንዶቹ ፈጥነው ያገኟታል። ሽማግሌዎቹ የሚጨምሩት ፎቶው ላይ የሌለውን ነው፤ በረዶ የሚያዘወትረውን ጥግ፣ ውርጭ የማይለየውን ሜዳ፣ ድሮ ጎርፍ የወሰደውን ዳገት። ለወሰን ተብሎ የተዘረጋውን ወረቀት ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ አልብሶ ይህን ሁሉ በቀለም ማስፈር ቢቻል፣ አንድ ቀበሌ በግማሽ ቀን የፍራፍሬ ካርታ ይኖረው ነበር። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ወሰኑ ተሰምሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶ፣ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ወረዳ መግባቱ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ውዱ ነገር ፎቶው ነበር፣ እርሱ ተከፍሎበት አልቋል፤ የቀረው የሰው ጨዋታ ብቻ ነበር።

በካርታው ላይ ጠብ የሚያነሳ አንድ ነገር አለ፣ ለአትክልተኛም ይጠቅማል። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ስፋት መሬቱ ጠፍጣፋ ተደርጎ ሲታይ ያለው ስፋት ነው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ በእርምጃ ወይም በገመድ የለካ ሰው ከካርታው 15 በመቶ ያህል የበለጠ ያገኛል። ተበላሁ ቢል አይፈረድበትም። ዛፍ ግን ከዳገቱ ጋር ሳይጋደም ቀጥ ብሎ ነው የሚበቅለው፤ የሚካፈለውም ፀሐይ ከላይ የሚወርደውን ነው። ስለዚህ ስንት ችግኝ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ የካርታው ስፋት ትክክለኛው ነው። ለእርከኑ ድንጋይና ለአጥሩ ግን የገመዱ ልክ ይያዛል።

ወደ ሳተላይት እንምጣ። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ ገደማ ይመለሳሉ፤ ምስላቸው በነፃ ነው፤ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ትሸፍናለች። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፣ ዓይን የማያየውን ከቀይ ወዲያ ያለውን ብርሃን ግን አብዝቶ ይመልሳል፤ ሁለቱን በማነፃፀር የዕፅዋት ብርታት ይገመታል። ሂሳቡን በመንዝ ጓሮ ላይ እንሥራው። ሩብ ሄክታር 25 ነጥብ ነው። ከ25ቱ 16ቱ ዳር ላይ ያርፋሉ፤ ግማሻቸው አፕል፣ ግማሻቸው የጎረቤት ባሕር ዛፍ ወይም የቤት ጣሪያ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ የአፕል ነጥብ የሚባለው ዘጠኝ ቢሆን ነው። ዛፎቹ በአራት ሜትር ርቀት ከተተከሉ በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ ስድስት ዛፍ አለ፤ ከስድስቱ አንዱ ቢታመም ሳተላይቱ አይሰማም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ከደመና በቀር የሚያየው የለውም። የስልክ አቅጣጫ ጠቋሚም በገላጣ ቦታ እንኳ ጥቂት ሜትር ይስታል፣ በገደል ሥር ይብስበታል፤ በአራት ሜትር ርቀት የቆሙ ሁለት ዛፎችን ሊያምታታ ይችላል። አሥር የጓሮ ዛፍ ያለው ሰው ጠዋት ጠዋት በመካከላቸው ቢመላለስ ከዚህ ሁሉ የተሻለ ያያል።

ድሮን ዛፍ በዛፍ ያሳያል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚያም በላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግጭት ባልተለየው ክልል ከጣሪያ በላይ የሚያንጎራጉር ነገር ሲሰማ ሰው ስለ አፕል አያስብም። ለአትክልት ብሎ እርሱን ማስነሳት አሁን የሚመከር አይደለም። በኮምፒውተርና በስልክ በነፃ የሚታየው፣ ጣሪያና የዛፍ አናት የሚለየው የምድር ምስል ለጊዜው ይበቃል፤ የቆዩትን ዓመታትም እየመለሰ ያሳያል።

ሳተላይት የሚከበረው የሚያየው ነገር ሰፊ ሲሆን ነው። የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በዚያው ሂሳብ አንድ ሚሊዮን ነጥብ። ከ3200 ሜትር በላይ ያለውን ይህን ሣር የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዓመታት እየከለሉ፣ በጊዜው እየከፈቱ ያጭዱት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ክልሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አጸናው። በበጋ ምስል ላይ የጓሳው ጠርዝ ከእርሻው ተለይቶ ይታያል፤ እርሻ ገፍቶ ቢገባ ይታወቃል። ከደብረ ሲና አጠገብ ያለው የአንዲት ጥድ ተፋሰስም እንዲሁ ነው። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1982 ጣቢያ ከፍተው አፈርና ጎርፍ መለካት የጀመሩበት 480 ሄክታር ያህል ተዳፋት ነው። አትክልተኛው ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ፤ ጓሮው የሚጠጣው ምንጭና የሚያጠፋው ጎርፍ ሁለቱም የሚመነጩት ከወሰኑ ውጭ፣ ከላይ ካለው ዳገት ነው። ስለዚህ ሲተክል የሚያየው ካርታ ከደብተሩ ካርታ ሰፋ ማለት አለበት።

ዛፉ ከተተከለ በኋላ የሚያስፈልገው ካርታ ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ። የአፕል ችግኝ በሌላ ሥር ላይ የተከተበ ነው፤ ከሥሩ ያለው አንድ ዓይነት፣ ከላይ ያለው ሌላ። አንገቱ ላይ የታሰረችው ወረቀት በአንድ ክረምት ትበሰብሳለች። ከዚያ በኋላ ያለ ፍሬ አናን ከዶርሴት የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ችግሩ አና በራሷ ብናኝ ብቻ በደንብ ፍሬ አለመያዟ ነው፤ አጠገቧ በዚያው ሳምንት የሚያብብ ሌላ ዝርያ ትፈልጋለች፣ ንብም ትፈልጋለች። በአራተኛው ዓመት አበባው ሞልቶ ፍሬው ጥቂት ሲሆን ሰው ውርጭ ነው ይላል። ደብተር ያለው ሰው ግን ረድፉን ይቆጥራል፤ ከላይ እስከ ታች አና ብቻ ከሆነ ምክንያቱን አገኘ። ዛፍ መንቀል አያስፈልግም። ከጎረቤት ዶርሴት ላይ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በረድፉ መካከል ባለ አንድ ዛፍ ላይ ይከተባል፤ የትኛው ዛፍ፣ በየትኛው በኩል ባለ ቅርንጫፍ ላይ እንደሆነ ካሬው ውስጥ ይጻፋል፤ አለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል የሚያራግፈውና የሚገርዘው ልጅ ሳያውቅ ይቆርጠዋል።